መስጂዱ ፈረሰ፣ ቀብሩ ቀረ



ውድ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣

በእኛ ሀገር ሰው «ሀገርህ የት ነው?» ሲባል እትብቱ የተቀበረበትን ቦታ ይጠራል። ሲያረጅ ደግሞ «አፅሜ ከአባቶቼ ጎን ይረፍ» ብሎ ይናዘዛል። ለአያቶቻችን እነዚህ ሁለት ቦታዎች አንድ ነበሩ። እትብታቸው ከተቀበረበት ጓሮ እስከ መንደሩ ቀብር ያለው ርቀት አንድ አዛን የሚሰማበት ያህል ነው።

የእኛ ነገር ሌላ ነው። አንዱ ደሴ ተወልዶ አዲስ አበባ ይሠራል። አንዷ ጅማ ተወልዳ ሪያድ ትኖራለች። ሌላው ከመርካቶ ተነስቶ ሚኒሶታ ገብቷል። እትብት አንድ ቦታ፣ እንጀራ ሌላ ቦታ። አፅም የት እንደሚያርፍ ደግሞ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ ያለፈ ሰው ታሪክ ነው። ስሙ ሐሰን ጁማ ይባላል። በዑለማዎች ታሪክ ውስጥ አታገኙትም፤ በነገሥታት ታሪክ ውስጥም የለም። ሱቅ በደረቴ ነበር፣ በኋላም ገበሬ ሆነ። ነገር ግን እሱና እሱን ተከትለው የመጡ ቤተሰቦች ያበጁት ቀብር ዛሬም በሰው ሀገር ሜዳ ላይ የጨረቃ ምልክት ይዞ ቆሟል። እስከ መጨረሻው አብራችሁን ዝለቁ፤ ጉዳዩ የእኛም ጉዳይ ነውና።

▪️ ወሬው እንዴት ደረሰን?

እኛ አራት ወንድምና እህት ነን። ታላቅ ወንድማችን አሜሪካ ውስጥ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እዚያ ካሉ የሀገራችን ልጆች ስንቱ በዚህ ሥራ ላይ እንዳለ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን ለነዳጅ ማውጫ የሚሆን ቧንቧ ጭኖ በሰሜን ዳኮታ ግዛት ሲያልፍ፣ ሮስ ከምትባል መቶ ያህል ሰው ብቻ የሚኖርባት ከተማ አጠገብ የዙህር ሰዓት ደረሰበት። የሚሰግድበት ቦታ በስልኩ ሲፈልግ ስልኩ «መስጂድ» አለው። ስልኩ የተሳሳተ መስሎት ነበር። ግራና ቀኝ ስንዴና ሣር ብቻ ነው የሚታየው።

በጠጠሩ መንገድ ገባ። አነስ ያለች፣ ጉልላት ያላት መስጂድ አገኘ። አጠገቧ ቀብር አለ። የቀብሩ መግቢያ ላይ ጨረቃና ኮከብ አለ። ሰገደ፣ ለቀብሩ ሰዎች ሰላምታ አቀረበ፣ ዱዓ አደረገ፤ ከዚያም ፎቶውን በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቀው።

ሁላችንም «ሱብሓነላህ!» አልን። እናታችን ግን ፎቶውን አስተውላ ካየች በኋላ የጠየቀችው ሌላ ነው፦ «ልጆች የሏቸውም ወይ? ማን ነው ዱዓ የሚያደርግላቸው?»

ይህ ጥያቄ ነው ታሪኩን እንድንፈልግ ያደረገን። መልሱ እኛን ዝም አሰኝቶናል። እናንተም ፍረዱ።

▪️ ሱቅ በደረቴው

ሐሰን ጁማና ባለቤቱ የመጡት ቢሬ ከምትባል መንደር ነው። መንደሯ ዛሬ በሊባኖስ፣ በበቃዕ ሸለቆ አካባቢ ትገኛለች። በዚያን ጊዜ ግን አካባቢው ሁሉ ሶሪያ እየተባለ በኦስማን ቱርኮች መንግሥት ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 ባልና ሚስቱ ንብረታቸውን ሸጡ፤ መሬታቸውን በመያዣነት አስይዘው ለመርከብ የሚሆን ገንዘብ ተበደሩ። በፈረንሳይ በኩል አድርገው ካናዳ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ።

እስቲ አስቡት። ቋንቋ የለም፣ ዘመድ የለም፣ ስልክ የለም። ያለው ዕዳ ነው። የጀመሩትም ሥራ እኛ ሱቅ በደረቴ የምንለውን ነው። በፈረስ ጋሪ ዕቃ ጭነው ከእርሻ ወደ እርሻ፣ ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ መሸጥ። እንዲህ እየዞሩ በ1902 ሰሜን ዳኮታ ደረሱ።

በዚያ ዘመን የአሜሪካ መንግሥት መሬት ያድል ነበር። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በ1862 የፈረሙት ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 160 ኤከር፣ በእኛ ልክ 65 ሔክታር ገደማ ይሰጣል። ቅድመ ሁኔታው ሦስት ነው፦ መሬቱ ላይ ቤት ሠርተህ መኖር፣ ማረስ፣ አምስት ዓመት መቆየት። ዜጋ ያልሆነ ሰው ደግሞ ዜጋ ለመሆን ማመልከት አለበት። በሀገራችን አንድ ሔክታር ሳይሞላ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ገበሬ ስንት ነው? 65 ሔክታር ለአንድ ሱቅ በደረቴ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ገምቱ።

እዚህ ላይ አንድ እውነት ማስቀመጥ ይገባል። መሬቱ ባዶ አልነበረም። ማንዳን፣ ሂዳትሳና አሪካራ የሚባሉ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ የኖሩበት አካባቢ ነው፤ ዛሬም ዘሮቻቸው ፎርት በርትሆልድ በተባለው የተከለለ ግዛት እዚያው አቅራቢያ ይኖራሉ። የአንዱ ሰፋሪ በረከት የሌላው ነባር ሕዝብ ሐዘን የሆነበት ታሪክ ነው። ፍትሕን የሚወድ ሰው ይህን ሳይናገር አያልፍም።

ሐሰንና ባለቤቱ ከመሬቱ ላይ ድንጋይ ለቀሙ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠሩ፣ ማረስ ጀመሩ። በ1903 ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። በምዕራብ ሰሜን ዳኮታ ከሶሪያ ቤተሰብ የተወለደ የመጀመሪያው ልጅ እሱ እንደሆነ ይነገራል። በእኛ አነጋገር፣ የጁማ ቤት እትብት አዲሱ አፈር ውስጥ ገባ ማለት ነው። የልጁ ስም ግን ቻርልስ ነው። ይህን ስም ያዙልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ዘመድ ዘመድን ስቦ፣ ጎረቤት ጎረቤትን ጠርቶ፣ ከቢሬና በአቅራቢያዋ ካሉ መንደሮች ሌሎች ቤተሰቦችም ተከተሏቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሮስ ዙሪያ ዐረብኛ የሚነገርበት፣ ረመዷን የሚጾምበት ሰፈር ተፈጠረ።

▪️ አዛን የማይደርስበት ሰፈር

ኑሮው ቀላል አልነበረም። ክረምት ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስበት ሀገር ነው። በሰኔ ወር ደግሞ ቀኑ ወደ 16 ሰዓት ይረዝማል። ረመዷን በዚያ ወር የሚገባበት ጊዜ አለ፤ በ1917 የሆነው እንዲህ ነው። ፈጅርና መግሪብ በዚያ ልክ ተራርቀው፣ በመካከሉ የእርሻ ሥራ! እኛ በከተማ፣ ፍሪጅ አጠገብ ቁጭ ብለን «ዘንድሮ ጾሙ ከበደን» ስንል እነዚህን ሰዎች ብናስታውስ መልካም ነው።

መስጂድ ስላልነበራቸው በየቤታቸው እየተሰበሰቡ ይሰግዱ ነበር። ሞት ሲመጣም የራሳቸውን ሟች ራሳቸው አጥበው፣ ከፍነው፣ ሰግደውበት ይቀብራሉ። ቦታም ለይተው ያዙ። የሌሎች መቃብር ውስጥ ተቀላቅለው መቀበር አልፈለጉም።

ከዚያ በ1929 መስጂድ ሠሩ። በአሜሪካ ምድር ለመስጂድነት ታስበው ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ትልቅ ሕንፃ እንዳይመስላችሁ። ግማሽ አካሉ መሬት ውስጥ የገባ፣ ከሩቅ ሲያዩት ምድር ቤት የሚመስል ዝቅ ያለ ቤት ነው። ቢሆንም በራሳቸው ገንዘብ፣ በራሳቸው ጉልበት የቆመ የአላህ ቤት ነው።

ግን ዓመቱን ልብ በሉ፤ 1929። በዚያው ዓመት መጨረሻ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ጀመረ። ተከትሎ ድርቅ መጣ። በ1930ዎቹ በዚያ ሜዳ ላይ አፈሩ በንፋስ ተነስቶ ፀሐይን ይጋርድ ነበር። ብዙ ገበሬ መሬቱን ጥሎ ሄደ። ከሙስሊሞቹም የሄዱ አሉ። የቀሩትም ልጆች አድገው ለትምህርት፣ ለሥራ፣ ለትዳር ወደ ሌላ ከተማ ተበተኑ። ብዙዎቹ ከጎረቤት ቤተሰቦች ጋር ተጋቡ፤ የልጅ ልጆቻቸው ዐረብኛውን ረሱ፤ ጥቂት የማይባሉትም የአካባቢውን ሃይማኖት ያዙ። ሰጋጅ ሲጠፋ መስጂዱ ባዶ ቀረ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ፈረሰ።

ቀብሩ ግን ቀረ።

ወንድማችን የሰገደባት ትንሿ መስጂድ በኋላ የመጣች ናት። የሰፋሪዎቹ ዘሮችና ወዳጆቻቸው የአባቶቻቸውን መታሰቢያ ብለው በ2005 ከቀብሩ አጠገብ የሠሯት ነች። ተመልከቱ እንግዲህ፤ መስጂዷን መልሶ ያስነሳት ቀብሩ ነው። አፅሙ እዚያ ባይኖር፣ ያ ሜዳ ስንዴ ከመሆን የሚያግደው ነገር አልነበረም።

▪️ ምን ጎደለ?

እናታችን «ልጆች የሏቸውም ወይ?» ብላ ስትጠይቅ መልሱ «አሏቸው» ነው። ልጆችም፣ የልጅ ልጆችም አሏቸው። አባቶቻቸውን የሚወዱ፣ ቀብሩን የሚያጥሩ፣ ሣሩን የሚያጭዱ ጥሩ ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ እስልምናቸውን ይዘው ቀጥለዋል። ነገር ግን ከብዙዎቹ ቤት ፋቲሐ ወጥቷል።

ለምን? «ኢማናቸው ደካማ ነበር» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኛ ግን እንዲህ አንልም። በዚያ ብርድና በዚያ ረጅም ቀን የጾመ ሰው ኢማኑ ደካማ አይባልም። ነገሩን ስናየው ሌላ ምክንያት አለ።

ሕጉ እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ 160 ኤከር ላይ ቤት ሠርቶ እንዲኖር ያስገድዳል። ይህ መሬት ጎኑ 800 ሜትር ገደማ የሆነ ካሬ ነው። ስለዚህ የቅርብ የተባለው ጎረቤት እንኳ አዛን ቢል አይሰማም። በቢሬ መንደር ቤት ከቤት ተጣብቆ፣ ልጅ ከጎረቤት አፍ ቁርኣን እየሰማ ያድግ ነበር። በሮስ ግን ልጅ የሚያድገው ከእናትና ከአባቱ ጋር ብቻ ነው። አባት ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ ነው። ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ነው። መድረሳ የለም። አባቶች ዲናቸውን ከመንደር አየር ስበው ያገኙት ስለሆነ፣ ልጆቻቸውም እንዲሁ የሚያገኙት መሰላቸው። አየሩ ግን ተለውጧል።

አንድ ማነጻጸሪያ እንስጣችሁ። በዚያው ዘመን፣ ከዚያው የሶሪያና ሊባኖስ ምድር የሄዱ ሌሎች ሙስሊሞች በአዮዋ ግዛት ሴዳር ራፒድስ በምትባል ከተማ ሰፈሩ። እነሱም እንደ ሐሰን ሱቅ በደረቴ ነበሩ። ግን ከመሬት ይልቅ ሱቅ ከፈቱ፤ ስለዚህ በአንድ ከተማ፣ ተቀራርበው ኖሩ። በ1934 መስጂድ ሠሩ። ያ መስጂድ እስከ ዛሬ ቆሟል። በመካከሉ ተሸጦ ለሌላ አገልግሎት ውሎ ነበር፤ ሆኖም በከተማዋ ሙስሊሙ ስላልጠፋ መልሰው ገዝተው አደሱት። ዛሬ የአሜሪካ «እናት መስጂድ» እየተባለ ይጠራል።

ልዩነቱ አንዱ ጠንካራ ሙስሊም፣ ሌላው ደካማ መሆኑ አይመስለንም። ልዩነቱ መቀራረብና ማስተማር ነው። መሬት ያገኘው ተበተነ፤ ሱቅ ያገኘው ተሰበሰበ።

የቻርልስንም ስም በዚሁ ተረዱት። ስም ብቻውን ሰውን አያከፍርም፤ ዐረብኛ ያልሆነ መልካም ስምም ሐራም አይደለም። ግን ስም አንድ ነገር ይነግረናል፤ ሰፋሪ አባት ልጁ በሰው ሀገር እንዳይሳቀቅበት ይሳሳል። ይህን መሳሳት ዛሬ በየስደቱ ያሉ ወላጆች ሁሉ ያውቁታል። ልጁን ከመሳቀቅ እያዳኑ ዲኑን እንዳያጣ መጠበቅ፣ ሁለቱን በአንድ እጅ መያዝ ነው ከባዱ።

▪️ የዑስማን ኢብኑ መዝዑን ድንጋይ

የሮስን ቀብር ስናይ አንድ ሌላ ቀብር ትዝ አለን። የእሱም ባለቤት ስደተኛ ነው፤ እንዲያውም የእኛን ሀገር አፈር የረገጠ ስደተኛ።

ዑስማን ኢብኑ መዝዑን (ረ.ዐ.) ቀድመው ከሰለሙት አንዱ ናቸው። የመካ ግፍ ሲበረታ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች መካከል ነበሩ። በኋላ ተመልሰው ወደ መዲና ተሰደዱ። በድርን ተዋጉ። ከዚያም መዲና ላይ ሞቱ፤ ከሙሃጂሮች በበቂዕ የተቀበሩት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ሲቀበሩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሰው ድንጋይ እንዲያመጣ አዘዙ። ሰውየው ድንጋዩን ማንሳት አቃተው። ነቢያችን ራሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ድንጋዩን ተሸክመው ከራስጌ በኩል አስቀመጡት። ምክንያቱንም ተናገሩ፤ የወንድማቸውን ቀብር እንዲለዩበትና ከቤተሰባቸው የሚሞተውን ከጎኑ እንዲቀብሩ ነው። በኋላ ልጃቸው ኢብራሂምም በዚያው በበቂዕ ተቀበረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ቀብርን ማወቅ፣ ቤተሰብን አጠገብ ለአጠገብ መቅበር በዲናችን ቦታ ያለው ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ድንጋይ ነው። እብነ በረድ አይደለም፣ ቤት መሥራት አይደለም፣ ፎቶ መለጠፍ አይደለም። ዋናው ድንጋዩ ሳይሆን ድንጋዩን አይቶ «ይህ ወንድሜ ነው» የሚል ሰው መኖሩ ነው።

ሮስ ላይ ድንጋዩ አለ። የጎደለው ዱዓ የሚያደርግ አፍ ነው።

▪️ ወደ እኛ ስንመለስ

አያታችን ከወሎ ገጠር አዲስ አበባ የገቡት በወጣትነታቸው ነው። መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ብዙ ዓመት በኪራይ ቤት ኖረዋል፤ «ሀገሬ እገባለሁ» ሲሉ መንደራቸውን ማለታቸው ነው። ለዓረፋ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። አባታችን እንደነገረን፣ ይህ ነገር የተለወጠው አንዲት ሕፃን ልጃቸው ሞታ ኮልፌ የተቀበረች ቀን ነው። ከቀብር ሲመለሱ ለአያታችን ለሚስታቸው «ከዛሬ ወዲያ እንግዳ አይደለንም፤ ከእኛ አንዷ ገብታለች» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ነው ቦታ ገዝተው ቤት የሠሩት።

ሰው አንድን ሀገር የራሱ የሚያደርገው ቤት ሲሠራ ሳይሆን የመጀመሪያውን ቀብር ሲቆፍር ነው። ሐሰን ጁማም ይህን ያውቅ ነበር ብለን እናምናለን። በከተሞቻችንም ሙስሊሙ ስለ ቀብር ቦታ እንዲህ አጥብቆ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። የቀብር ቦታ የሌለው ሕዝብ ስንት ዓመት ቢኖር እንግዳ ነው።

ዛሬ አባታችን ኮልፌ ሲወስደን መንገዱን እያሳየን ነው፤ «ከበሩ ገብታችሁ በቀኝ፣ ዛፉን አልፋችሁ፣ ሦስተኛው ረድፍ።» ከትናንሾቻችን አንዷ በስልኳ ቀርጻዋለች። የአባታችንን ድምፅ ነው የቀረጸችው፤ አንድ ቀን እሱም እዚያ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዓመታት በፊት ደግሞ አጎታችን ሚኒሶታ ውስጥ አረፉ። እዚህ ያለው ቤተሰብ «አስከሬኑ ይምጣልን» አለ። ሐዘን ነው፤ ማንም አይፈረድበትም። እዚያ ያለው ጀመዓ ግን በማግስቱ አጥቦ፣ ከፍኖ፣ ሰግዶበት ቀበራቸው። ከሶማሌው፣ ከኦሮሞው፣ ከዐረቡ፣ ከጥቁር አሜሪካዊው የተውጣጣ ብዙ ሰው ሰግዶባቸዋል። ዑለማዎቻችን ጀናዛን ማፋጠንና ሙስሊምን በሞተበት ምድር መቅበር በላጭ እንደሆነ ያስተምሩናል። አክስታችን መጀመሪያ ላይ ተከፍታ ነበር። በኋላ ግን እንዲህ አለች፦ «እዚያ የቀሩ ልጆቹ ቀብሩን ይጎበኙት። እዚህ ብናመጣው አባታቸውን ከእነሱ እንወስድባቸው ነበር።»

ትክክል ነው ያለችው። ግን እዚህ ላይ የሮስ ታሪክ ይመጣል። የአጎታችን ልጆች የአባታቸውን ቀብር ያውቁታል። የእነሱ ልጆችስ ሲያልፉ ምን ይላሉ? «ቅድመ አያቴ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ነው» ብቻ ነው የሚሉት? ወይስ እጃቸውን አንስተው «አላሁመ ኢግፊር ለሁ» ይላሉ?

▪️ ምን እናድርግ?

ታሪክ ሰምቶ «ያሳዝናል» ብሎ ማለፍ ጥቅም የለውም። ስለዚህ በቤታችን የተስማማንበትን እናካፍላችሁ። ከጠቀማችሁ ውሰዱት።

1. ታላላቆቻችሁን አሁን ጠይቁ። የሐሰን ጁማን ቤት ታሪክ ዛሬ ማወቅ የቻልነው በ1930ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ያጡ ጸሐፊዎችን ቀጥሮ የሰፋሪዎችን ታሪክ ከአፋቸው ስላስጻፈ ነው። የሐሰን ባለቤትም ካወሩት መካከል ናቸው። እኛ ግን ጸሐፊ የሚልክልን መንግሥት አያስፈልገንም፤ ስልክ በእጃችን ነው። ከየት መጣችሁ? ማን ይዟችሁ መጣ? መጀመሪያ የት አደራችሁ? መጀመሪያ የተቀበረው ማን ነው? የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

2. የቤተሰባችሁን ቀብር እወቁ። ለበቂዕ አንድ ድንጋይ በቅቶታል። ለእናንተም ረድፉንና አቅጣጫውን የሚያውቅ ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል። ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ ዘይሩ፤ ሰላምታውንና ዱዓውን እዚያው አስተምሯቸው። ሞትን ማስታወስ ልብን ያለሰልሳል።

3. በስደት ያላችሁ፣ ተቀራረቡ። ቤት ስትከራዩ ወይም ስትገዙ ዋጋውንና ፓርኪንጉን ብቻ አትዩ፤ መስጂዱና መድረሳው ስንት ደቂቃ ይርቃል ብላችሁ ጠይቁ። 65 ሔክታር መሬት አግኝቶ አዛን ከማጣት፣ ጠባብ ቤት ይዞ ከጀመዓ ጋር መሆን ይሻላል። በጀመዓችሁ የቀብር ጉዳይ ካልተደራጀ ደግሞ ሰው ሳይሞት በፊት አደራጁ። ሐዘን ቤት ውስጥ ተቀምጦ መዋጮ ከመሰብሰብ፣ አስቀድሞ ዕድር ማቋቋም ይቀላል።

4. ከሁሉም በላይ አስተምሩ። ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ የማይቋረጡት ሦስት ነገሮች ምን እንደሆኑ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ሶስተኛው ዱዓ የሚያደርግ መልካም ልጅ ነው። ልጅ ብቻ አልተባለም፤ ዱዓ የሚያደርግ ነው የተባለው። ዱዓ ደግሞ በደም አይወረስም፣ ይማሩታል። በከተማ ያለን ወጣቶችም ይህ አይመለከተንም አንበል። የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም እንደ ሮስ ሜዳ ሰውን ከሰው የሚለይ ሊሆን ይችላል። አዛኑ በስልካችን ይጮኻል፤ ከጎረቤት አፍ ቁርኣን የሚሰማ ልጅ ግን እየቀነሰ ነው።

ውድ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣

ሐሰን ጁማና ጓደኞቹ አቅማቸው የፈቀደውን አድርገዋል። በዕዳ ተሰደው፣ ድንጋይ ለቅመው፣ በብርድ ሰግደው፣ ሟቾቻቸውን በሱንናው መሠረት ቀብረው አልፈዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ ከኢትዮጵያ የሄደ አንድ የመኪና ሹፌር በዚያ ሲያልፍ የሚሰግድበት ቦታ አገኘ። ይህ ትንሽ አይደለም። የዘሩት ዘር ካላሰቡት ወገን በቅሎላቸዋል።

እናታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሶላት በኋላ ለራሷ ወላጆች ዱዓ ስታደርግ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ትጨምራለች፤ «በዚያ ሜዳ ላሉትም» ትላለች። ስማቸውን መጥራት አይሆንላትም። አላህ ግን ያውቃቸዋል።

እናንተም ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ዱዓ አድርጉላቸው፤ ለየራሳችሁ ሟቾችም ጨምሩ። ከዚያም ስልካችሁን አንሱና በቤታችሁ ትልቅ ለሆነው ሰው ደውሉ።

ያ አላህ! በሰው ሀገር ለሞቱ፣ ዘመድ አጠገባቸው ለሌለ፣ ቀብራቸውን የሚጎበኝ ለጠፋ ሙስሊሞች ሁሉ እዘንላቸው። ቀብራቸውን አስፋላቸው፣ ብርሃን አድርግላቸው። ለእኛም ከኋላችን ዱዓ የሚያደርጉ ልጆችን ስጠን። እትብታችን የትም ይቀበር፣ አፅማችን የትም ይረፍ፣ በኢስላም ላይ ሆነን እንድንሞት አድርገን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ